የእንፋሎት ድስት በወለጋ ከተሞች፤ አስመጪውና ባለሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

ነቀምቴ፣ በቀድሞው አጠራር ለቀምት፣ ስሟ በዓለም የቡና ገበያ የታወቀ ከተማ ናት። ከወለጋ ምድር የሚሰበሰበው ቡና «ለቀምት» በሚል ስም ለውጭ አገር ሲሸጥ ኖሯል። የቡናው ገንዘብ ወደ ቤት በሚገባበት ወራት በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ያሉት ሱቆች የቤት ዕቃ ፈላጊውን ያስተናግዳሉ። ጥርና ሚያዝያም የሠርግ ወራት በመሆናቸው ለሙሽሮች የሚበረከት ዕቃ የሚፈለግባቸው ናቸው። ገዢው ከሚጠይቃቸው ዕቃዎች አንዱ በተለምዶ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው የእንፋሎት ድስት ነው።

ይህ ድስት እንደ ሌላው ድስት በመልኩና በዋጋው ብቻ የሚመረጥ አይደለም። በውስጡ ኃይል የሚታመቅበት ዕቃ ስለ ሆነ፣ በደኅና ከተሠራና በአግባቡ ከተያዘ ማገዶና ጊዜ ይቆጥባል። ጎማው ወይም ቫልቩ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን የምታበስለውን እመቤት በፈላ ውሃና በእንፋሎት እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ፣ ባለሱቁም ከመሸጡ በፊት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል።

የከፍታው ጉዳይ

ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ደጋ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሻምቡ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ መፍያው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ፣ ቦሎቄና ሽምብራ በተራ ድስት ረጅም ሰዓት የሚፈጁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እሳቱ ቢጨመርም ውሃው ከዚህ ሙቀት አልፎ አይሄድም፤ የሚባክነው ማገዶው ብቻ ነው።

የእንፋሎት ድስት ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎቱን ስለሚያምቅ ይህን ወሰን ያልፋል። በምድጃ ላይ የሚጣደው የተለመደው ዓይነት ከውጭው አየር በላይ 100 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይይዛል። በባሕር ዳርቻ በዚህ ግፊት ውስጡ 120 ዲግሪ ሲደርስ፣ በነቀምቴ ከፍታ ግን 117 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከተራው ድስት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 24 ዲግሪ ያህል ነው።

ከዚህ ለነጋዴው የሚጠቅም አንድ ነገር ይገኛል። ከውጭ አገር በድስቱ ሳጥን ውስጥ የሚመጣው የማብሰያ ጊዜ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለዝቅተኛ አገር ነው። የታወቀው ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከጊዜው ላይ አምስት በመቶ መጨመር ነው። በነቀምቴ ይህ አንድ አራተኛ ያህል ይሆናል፤ በሰንጠረዡ 20 ደቂቃ የተባለው 25 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ያልተነገረው ገዢ ቦሎቄው ሳይበስል ሲቀር ድስቱን ይነቅፋል፤ ዕቃውንም ወደ ባለሱቁ ይመልሳል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

የዚህ ድስት መነሻ የሆነውን ዕቃ በ1679 እ.ኤ.አ. የሠራው ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፓን ነው። አጥንት የሚያለሰልስ ብርቱ ድስት ሠርቶ፣ እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ጨመረበት። ለቤት የሚመች ቅርጽ ይዞ በሰፊው የታወቀው ግን ፕሬስቶ የተባለው ድስት በ1939 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ከቀረበ በኋላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ድስት ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያወጡት ዕቃ ደካማ ስለ ነበረ ሰው ድስቱን መፍራት ጀመረ፤ መልካሙን ዕቃ የሚሠሩትም ሳይቀሩ ተጎዱ። በሕንድ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ሆኪንስ የተባለው ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ድስቱ በአገሪቱ ቤቶች ተስፋፋ፤ አይ ኤስ 2347 የተባለ ብሔራዊ ደረጃም አለው። መንግሥቱም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትእዛዝ ይህ ደረጃ ግዴታ እንዲሆን አድርጓል። ከሕንድ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ምልክት፣ ከአውሮፓ የሚያስመጣም ኢ ኤን 12778 የሚለውን ደረጃ በዕቃው ላይና በሰነዱ ላይ ቢመለከት ይበጀዋል።

የሚመረጠው ምን ዓይነት ነው?

አንደኛ፣ መጠኑ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሊትር ድስቱ እስከ አፉ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ማንኛውም ምግብ ከሁለት ሦስተኛ በላይ፣ የሚያብጥና አረፋ የሚያወጣ እንደ ባቄላ፣ ምስርና ክክ ያለው እህል ደግሞ ከግማሽ በላይ አይሞላም። ስለዚህ ስድስት ሊትር የተባለው ድስት ለቦሎቄ ሦስት ሊትር ብቻ ነው። ለሁለት ሰው የሦስት ሊትር፣ አምስት ስድስት ሰው ላለበት ቤት ከአምስት እስከ ሰባት ሊትር ይበቃል። ለምግብ ቤት ከአሥር ሊትር በላይ ያለው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ብረቱ። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሙቀትም ቶሎ ያሰራጫል። አይዝጌ ብረት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ዕድሜው ረጅም ነው፤ ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገርም አይጎዳውም። በኢንዳክሽን ምድጃ ለሚያበስል ሰው ማግኔት የማይስበው ድስት አይሠራለትም። ባለሱቁ ትንሽ ማግኔት በጠረጴዛው መሳቢያ ቢያኖር ይህን በገዢው ፊት ሊያሳየው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የእሳቱ ዓይነት። ድስቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው እሳቱ ቶሎ ሊቀነስ ለሚችል ለቡታጋዝና ለኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በከሰል የሚያበስል ቤት ድስቱ ማፏጨት ሲጀምር ፍሙን መቀነስ አለበት። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ግን ነበልባሉ እጀታውንና የክዳኑን ጎማ ስለሚበላ አይመከርም። ይህን እውነት ለገጠሩ ገዢ መናገር አንድ ሽያጭ ሊያስቀር ይችላል፤ የደንበኛውን እምነት ግን ያተርፋል።

አራተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ዓይነት። በራሱ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ድስት ሰዓቱን ራሱ ይጠብቃል፤ ለጠባቂ አያሻም። ነገር ግን የብዙዎቹ ግፊት ወደ 70 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ስለሚል በነቀምቴ ውስጡ 111 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጊዜም ይበልጥ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣው የ110 ቮልት ድስት ያለ መለወጫ ቢሰካ ይቃጠላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማም በምድጃ የሚጣደው ዓይነት ይመረጣል።

ለየትኛው ምግብ?

የወለጋ ቤት የሚኮራበት አንጮቴ የተባለው ሥራ ሥር ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ከዚያም ተልጦ በቅቤና በቅመም የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ቅቅሉ በእንፋሎት ድስት ቢሠራ ማገዶው ይቀንሳል። ንፍሮ፣ የቦሎቄና የሽምብራ ወጥ፣ የበሬ ሻኛና የአጥንት መረቅም እንዲሁ ናቸው። በጾም ወራት፣ ይልቁንም በ55ቱ ቀን በዐቢይ ጾም፣ ጿሚው ቤት ጥራጥሬ አብዝቶ ስለሚያበስል ድስቱ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቢያደርስ መልካም ነው።

የዶሮ ወጥ ቁሌት ግን እየተማሰለ በዝግታ የሚሠራ ስለ ሆነ ክዳን የሚዘጋበት አይደለም። ወፍራም ሽሮና ገንፎም ከታች ያራሉ፤ የእንፋሎቱንም መውጫ ይደፍናሉ። ለእነዚህ የሸክላው ድስት ቦታውን አይለቅም።

የመለዋወጫውና የሰነዱ ነገር

የክዳኑ ጎማ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ይላላልም። አንዱ ድስት የሌላውን ጎማ አይቀበልም። ስለዚህ አስመጪው ድስቱን ሲያዝ የዚያኑ ሥሪት ጎማና የደኅንነት ቫልቭ አብሮ ማዘዝ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ በአምቦ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደምቢ ዶሎው ከዚያም በጣም ይርቃል። ጎማ ያጣች እመቤት ይህን መንገድ ስለማትሄድ ወይ ድስቱን ትጥለዋለች፤ ወይም ልክ ያልሆነ ጎማ ታገባበታለች። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ሁለተኛው ነው።

በጉምሩክ የዓለም አቀፍ የዕቃ አመዳደብ የአሉሚኒየም የቤት ዕቃ በ7615፣ የብረትና የአይዝጌ ብረት በ7323፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው በ8516 ቁጥር ሥር ይመደባል። ሦስቱን ደባልቆ በአንድ ስም መጻፍ ዕቃውን በወደብና በመጋዘን ያስቆያል። ስለዚህ ደረሰኙ ብረቱን፣ ሊትሩንና የሥሪቱን ቁጥር ለይቶ ቢይዝ ይሻላል።

ባለሱቁም ድስቱን ከማስረከቡ በፊት አምስት ነገር ቢያሳይ ይበቃዋል። ክዳኑ ገጥሞ መቆለፉን፤ ጎማው ያልተሰነጠቀ መሆኑን፤ የእንፋሎቱ መውጫ ወደ ብርሃን ሲያዩበት ክፍት መሆኑን፤ ክብደቱ በነፃ መንቀሳቀሱን፤ የሠሪው ስምና ሊትሩ በድስቱ ላይ መታተሙን። ከዚህ በኋላ እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑ በግድ እንዳይከፈት ያስጠነቅቃል። በነቀምቴና በዙሪያዋ የሚገዛው ሰው አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ፣ ይህ ማስጠንቀቂያና የከፍታው የጊዜ ጭማሪ በኦሮምኛና በአማርኛ በአንድ ቅጠል ወረቀት ታትሞ ከድስቱ ጋር ቢሰጥ ወጪው ጥቂት ነው። የጅምላ ነጋዴው ወረቀቱን አሳትሞ በየሳጥኑ ቢያኖር፣ ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለው ችርቻሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር ይሰጣል።