ገበያና ደብር፤ በምሥራቅ ጎጃም የአንድ ቀን መንገድ ስለሚያስተምረን ነገር

ዛሬ በብዙ አገር የጐብኚው ቀን በሁለት ይከፈላል፤ ጧት ገበያ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ የጥንት ቤተ መቅደስ። ከባንኮክ ማልዶ የሚነሣ መንገደኛ በዳምኖን ሳዱአክ ቦይ ላይ በታንኳ የሚሸጠውን ፍሬና ምግብ አይቶ፣ ወደ አዩታያ ፍርስራሽ ይሻገርና ማታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል። አዩታያ በ14ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ተመሥርታ በ1767 እ.ኤ.አ. በበርማ ጦር የጠፋች የሲያም መዲና ነበረች፤ ቦዩም በንጉሥ ሞንግኩት ዘመን በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተቈፈረ ነው። በዚያ አገር «ዋት» የሚባለው ገዳም የልጆች ትምህርት ቤትና የመንደሩ መሰብሰቢያ ስለ ነበረ፣ ገበያና ገዳም ቀድሞም ጎረቤታሞች ነበሩ። የመኪና መንገድ በየስፍራው ሲከፈት ግን የታንኳው ገበያ እየከሳ ሄደ፤ ዛሬ ከገዥው ይልቅ ተመልካቹ የሚበዛበት ሆኖአል። ጐብኚው ሁለቱን በአንድ ቀን ያያል፤ ሁለቱን ያስተሳሰረው ገመድ ግን ከዐይኑ ይሰወራል።

ይህ ጽሑፍ ያንኑ ጥያቄ ወደ አገራችን መልሶ ይጠይቃል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚከተል ሰው፣ በአንድ ቀን ገበያዎችንም ታላላቅ አድባራትንም ሊያይ ይችላል። ነገር ግን የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ መንገድ ለጉብኝት ሳይሆን ለኑሮው ሲመላለስበት ኖሮአል። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ገበያና ደብር እንዴት እንደ ተሳሰሩ፣ ማሰሪያው ሲላላም ምን እንደሚደርስ በየተራው እንመለከታለን።

አስቀድሞ ስለ ምድሩ ጥቂት መናገር ይገባል። በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ፤ በምሥራቅና በሰሜን በኩል ደግሞ ዓባይ ጥልቅ ሸለቆውን ቈፍሮ አገሩን እንደ መቀነት ይዞራል። ከጮቄ ሥር ያለው ደገኛ ገብስ ያመርታል፤ ድንችና በግም አለው። በመካከሉ ያለው ወይናደጋ የጤፍ አገር ነው። ወደ ዓባይ የወረደው ቈለኛ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል። አንዱ ያለው ሌላው የሌለው በመሆኑ፣ ሦስቱ ወገኖች የሚገናኙበት ሜዳ የግድ ያስፈልጋቸዋል። የአህያ ጭነት ይዞ ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው የሚደርስበት ርቀት ውሱን ስለ ሆነም፣ ገበያዎቹ በዚያው ልክ ተራርቀው ተተከሉ፤ ጎረቤት የሆኑትም ቀናቸውን እየለያዩ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዞር አደረጉ።

ገበያው ላላወቀው ሰው ትርምስ ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን እንደ ጉባኤ በሥርዐት የተቀመጠ ነው። እህል ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጥጥ ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ከብት ተራ እየተባለ እያንዳንዱ ሸቀጥ የታወቀ ቦታ አለው። የጥንቱ መስፈሪያ ቁናና እንቅብ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጣሳና ኪሎ ተጨምረውበታል። ገንዘቡም እንዲሁ ታሪክ አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የማሪያ ቴሬዛ ብር ለትልልቁ ግዢ ሲያገለግል፣ ለዘርዛራው መገበያያ ከአፋር ቈላ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌው ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው ይከብዳልና፣ በአንድ ብር የሚገኘው የአሞሌ ብዛት ከትግራይ ይልቅ በጎጃም ያነሰ ነበር። በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በዚያ ዘመን የታወቀው፣ ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ የሚመጣውን ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ከሰሜኑ ጨው ጋራ ስለሚያገናኝ ነው፤ በዚያም ገበያ የሰው ልጅ ጭምር ለባርነት ይሸጥ እንደ ነበር መደበቅ አይገባም።

ወደ አድባራቱ ስንመለስ፣ በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ሦስቱ ልዩ ስፍራ አላቸው። በቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ በትውፊት በአቡነ ተከሥተ ብርሃን እንደ ተመሠረተ ይነገርለታል፤ የቅኔ ትምህርት ቤቱም ስሙን አግንኖለታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ዲማን ሳያይ ያውቀዋል። ደብረ ወርቅ ማርያም ደግሞ በትውፊት የአቡነ ሠርጸ ጴጥሮስ ተክል ናት። ሦስተኛዋ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ያለችው መርጡለ ማርያም ናት። ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሐ ያደርሳታል፤ በጽሑፍ ታሪክ ጐልታ የምትታየው ግን በንግሥት እሌኒ ዘመን ነው። እሌኒ ከእስላም የሐድያ መሪ የተወለደች፣ በኋላም ክርስትናን የተቀበለችና ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ እስከ መላክ የደረሰች ብልህ ሴት ነበረች። ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ፈረሰ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ብሩኖ ብሩኒ የሚባል ኢየሱሳዊ አሳደሰው። በድንጋይ ላይ የተቀረጸው የፍርስራሹ ጌጥ ዛሬም ይታያል።

እንግዲህ ገበያውና ደብሩ በምን ይገናኛሉ? መጀመሪያው ማሰሪያ የቀን አቈጣጠር ነው። የአገራችን ገበሬ በሬውን የሚጠምደው ባሕረ ሐሳብ እያየ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይከበራሉ። እሑድ የቅዳሴ ቀን ስለ ሆነ፣ ቅዳሜም በብዙ ቦታ እርሻ ስለማይታረስበት፣ በብዙ የአማራ ወረዳዎች ዋናው ገበያ ቅዳሜ መዋሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእርሻ ያረፈው እጅ ወደ ገበያ ይዘረጋል፤ ለማግስቱ ሰንበቴም የሚያስፈልገው ጌሾና ብቅል ከዚያው ይሸመታል። ሳምንቱን ደብሩ ይከፍለዋል፤ የከፈለውን ገበያው ይሞላዋል።

ሁለተኛው ማሰሪያ ሸቀጡ ራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለ ጧፍ፣ ያለ ዕጣን፣ ያለ ዘቢብ አትቀድስም። ጧፉ ከሰሙ፣ ሰሙ ከማሩ፣ ማሩ ከቈለኛው ቀፎ ይመጣል፤ ዕጣኑና ዘቢቡ ከሩቅ አገር በነጋዴ እጅ ይደርሳል። ብራናው የፍየል ቈዳ ነው። ስለዚህ በደብር ውስጥ የምናየው ጥንታዊ መጽሐፍ የሊቁ ድካም ብቻ ሳይሆን የገበያው መንገድም ፍሬ ነው።

ሦስተኛው ማሰሪያ ቃል ነው። ገበያ ሰው ሁሉ የሚሰማበት ስፍራ በመሆኑ፣ አዋጅ በነጋሪት የሚነገረው በዚያ ነበር። ባላጋራዎች ሽማግሌ የሚለማመጡበት፣ የጠፋ ከብት የሚጠየቅበት፣ የሞት መርዶም የሚደርስበት ቀን የገበያ ቀን ነው። ሽምግልናው ግን ብዙ ጊዜ የሚቋጨው በደጀ ሰላም በመሐላ ነው። በገበያ የተሰማ ወሬ ኃይል እንዳለው የምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ይመሰክራል፤ በ1960 ዓ.ም. ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን አዋጅ ተቃውሞ ሲያምፅ፣ ሞጣና ቢቸና ከዐመፁ ዋና ዋና ስፍራዎች መካከል ነበሩ።

አራተኛው የደብሩ ቀለብ ነው። ካህናቱ ቀድሞ በሰሞን መሬት ይተዳደሩ ነበር፤ የቅኔው ተማሪም አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ እየለመነ ይማር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ደብሩ መሬቱን አጣ። ከዚያ ወዲህ ቀለቡ በምእመናን እጅ ወደቀ፤ የምእመናን እጅም ገበያው ሲሞላ ይሞላል፣ ገበያው ሲጐድል ይጐድላል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በተወሰነ ዋጋ የኮታ እህል ባስገበረው ጊዜ፣ የቅዳሜው ገበያ ብቻ ሳይሆን ከገበያው የሚተርፈው ስጦታም ሳሳ፤ ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

የእነዚህ ሁሉ ማሰሪያዎች ምሳሌ ከሞጣ ወደ ሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በሱስንዮስ ዘመን ሲሠራ፣ ይህ ግን በልጁ በዐፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667 እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው፤ ፋሲል ደግሞ ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው። መምህራኑ ቢባረሩም የኖራና የቅስት ጥበብ በአገር ውስጥ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ድልድዩ የጎጃምን ገበያ ከበጌምድር ጋራ ለብዙ ዘመን አገናኘ። በጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የመካከሉ ቅስት ተቈረጠ፤ ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ጕልበተኞች ከወዲያና ከወዲህ ማዶ እየሳቡት ይሻገር ነበር። የሳቢዎቹ ኪራይ ከትንሽ ነጋዴ ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነበር፤ ገመዱም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነበር። በ1994 ዓ.ም. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ከአገሩ ሰው ጋራ ክፍተቱን በብረት አጋጠመው፤ በ1997 ዓ.ም. ክረምት ግን ጐርፍ ወሰደው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ማዶና ማዶ ያሉ ሰዎች ይጋባሉ፤ በአንድ ደብር ይሳለማሉ፤ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ድልድይ ሲሰበር ከሸቀጡ ጋራ ዝምድናውም ይሰበራል።

ከድንጋይ የማይሠራ ሌላ ድልድይም አለ። በጎጃም የሩቅ ንግድ ለረጅም ዘመን በብዛት በእስላም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ዕጣኑን ለቅዳሴ የሚያመጣው ነጋዴ ብዙ ጊዜ በመስጊድ የሚሰግድ ሰው ነበር፤ ደብሩም ገበያተኛውም ይህን ያውቁ ነበር። መርጡለ ማርያምን ያሠራችው ንግሥት ከእስላም ቤት መወለዷ ራሱ የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ፣ መስጊዶችና የእስላም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ የጠፋው ንብረት ብቻ አልነበረም። ከላይ የዘረዘርናቸው ማሰሪያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ተፈተኑ። በገበያ ያለው ሰላም በሕግ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሻጭና ገዥ በማግስቱ እንደገና እንገናኛለን ብለው ስለሚያምኑ የሚቆም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው የትጥቅ ግጭትም መንገድ በተዘጋ ቍጥር ይህንኑ እምነት ፈትኖታል።

ለጐብኚና ለተመራማሪ የቀረው ፈተና ደግሞ ገበያው ደብሩን እንዳይበላው መጠበቅ ነው። ገበያ ለደብር ሰምና ብራና እስከ ሰጠ ድረስ መልካም ነው፤ መንገዱ ተገልብጦ ከደብሩ የወጣ የብራና ቅጠል፣ የእጅ መስቀል ወይም ሥዕል በገበያ ሲዞር ግን ነገሩ ይበላሻል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ይህን ለመከልከል የወጣ ነው። ነገር ግን የሕጉ ጕልበት ገዥ በሌለበት ይበረታል፤ ለአንድ ቀን መጥቶ ማስታወሻ የሚፈልግ እንግዳ የአንድን ደብር መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ሊበትነው ይችላል።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ ምክር እንስጥ። ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚወርድ አጥኚ ደብሩን ለብቻ፣ ገበያውን ለብቻ አይመዝግብ። በእህል ተራ የተቀመጠችውን ሴት «ይህን ገንዘብ ለምን ታውይዋለሽ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መሪጌታውንም «ጧፉን ከማን ገዙት?» ይበሉ እንጂ የመጽሐፉን ዕድሜ ብቻ አይጠይቁ። የሁለቱ መልስ በአንድ ገጽ ላይ ሲጻፍ፣ አንድ ወረዳ እንዴት እንደሚኖር ይታያል። አንድ ቀን ሁሉን ለማወቅ አይበቃም፤ የገበያ ቀን ከሆነ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጀመር ይበቃል።