አዲስ ፓስወርድ፣ የድሮ ኪሪንግ

ራቤል ላይ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ኡቡንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር አለው እንበል። ሠራተኛው ፓስወርዱን ይረሳል፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ በሪከቨሪ ሞድ ይገባና አዲስ ያወጣለታል። ኮምፒውተሩ ይከፈታል። ክሮምን ሲነካ ግን የመግቢያ ፓስወርዱ ከኪሪንጉ ጋር እንደማይገጥም የሚናገር ሳጥን ብቅ ይላል። አዲሱን ደጋግሞ ቢጽፍም አይቀበለውም። ቫይረስ ነው የሚል አይጠፋም። አይደለም።

ጂኖም ኪሪንግ ያስቀመጥናቸውን ፓስወርዶች በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ይይዛል። ፋይሉን የሚፈታው የመግቢያ ፓስወርዱ ነው። ሰው ራሱ ከሴቲንግ ፓስወርዱን ሲቀይር የድሮውንም አዲሱንም ይጽፋል፤ ስለዚህ ሲስተሙ ኪሪንጉን በድሮው ከፍቶ በአዲሱ መልሶ ይቆልፈዋል። በሪከቨሪ ሞድ፣ ማለትም በሩት (በሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ሲቀየር ግን የድሮውን የጻፈ የለም። የደጁ ቁልፍ ተለወጠ እንጂ እጓዳ ያለው ሳጥን በድሮ ቁልፉ እንደተዘጋ ነው። ደግሞም እንዲህ መሆኑ ደግ ነው፤ ሩት የሆነ ሁሉ የሚፈታው ከሆነ ምስጠራው ምን ይረባል?

እንግዲህ ሰውየው ከመነካካት በፊት የድሮውን ፓስወርድ ለማስታወስ ይሞክር። ትዝ ካለው ሥራው የደቂቃ ነው፤ ሲሆርስ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ፣ «ሎጊን» በሚለው ላይ በቀኝ ክሊክ ፓስወርድ መቀየሪያውን መርጦ፣ መጀመሪያ የድሮውን ቀጥሎ አዲሱን መስጠት።

ትዝ ካላለው ፋይሉን ገለል አድርጎ አዲስ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። በሆም ፎልደሩ ላይ ኮንትሮልና ኤች ሲጫን የተደበቁት ይታያሉ፤ «ሎካል» ውስጥ «ሼር»፣ እሱ ውስጥ «ኪሪንግስ» አለ። እዚያ ያለውን የሎጊን ፋይል ስም ለውጦ፣ ወጥቶ እንደገና መግባት። አይሰረዝ፤ የረሱት ፓስወርድ ከወር በኋላ ትዝ ሊል ይችላል። ክሮም የመመስጠሪያ ቁልፉን ኪሪንጉ ውስጥ ስለሚያኖር ያስቀመጣቸው ፓስወርዶች ከድሮው ፋይል ጋር ተቆልፈው ይቀራሉ። ፋየርፎክስ የራሱ መዝገብ ስላለው አይነካም።

ለኪሪንጉ ባዶ ፓስወርድ ሰጥተው የሚገላገሉም አሉ። ጥያቄው ይቀራል፤ ፓስወርዶቹ ግን ሳይመሰጠሩ ይቀመጣሉ። ብዙ እጅ በሚነካው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይህን አልመክርም።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ፓስወርድ ሳይጠይቅ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ኪሪንጉ የሚጠይቀው ሲገባ ማንም ስላልጻፈለት ነው፤ የተለመደውን ፓስወርድ ሲሰጡት ይከፈታል።