የካባው ድማሚትና የጭቃው ቤት

ልደታን ለሚያውቅ ሰው ስለ ድንጋይ ፍንዳታ ቢያወሩለት «እዚህ ደግሞ ምን ካባ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው የቆሙት ኮንዶሚኒየሞች ጠጠራቸው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከአንድ ካባ ተፈልጦ፣ በመፍጫ መኪና ደቅቆ፣ በገልባጭ ተጭኖ የመጣ ነው። በፈረሱት ቤቶች ይኖሩ ከነበሩት ሰዎችም ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ ካባዎቹ የሚገኙትም በዚያው በዳር ነው። ስለዚህ ነገሩ የልደታም ነገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አዲስ አበባ የቆመችበት ዓለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ጥቁሩ ባዛልትማ በዲጂኖና በመዶሻ ብቻ የሚበገር አይደለም። በትልልቅ ካባዎች ዓለቱ በመሰርሰሪያ ይበሳና ፈንጂ ይሞላበታል። በብዛት የሚሠራበት ፈንጂ ከመቶው 94 እጅ አሞኒየም ናይትሬት፣ 6 እጅ ናፍጣ ነው፤ ያው አሞኒየም ናይትሬት በሌላ ስፍራ ለገበሬ ማዳበሪያ ሆኖ ያገለግላል። የፍንዳታው ጉልበት ግን ድንጋዩን በመስበር ብቻ አያልቅም፤ የተረፈው በመሬት ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል።

ይህ ንዝረት የሚለካው መሬቱ በአንድ ሰከንድ ስንት ሚሊሜትር በሚሆን ፍጥነት እንደተወዘወዘ ነው። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ባወጣው ጥናት፣ ንዝረቱ በሰከንድ ከ40 ጊዜ በታች የሚመላለስ ሲሆን፣ የኖራ ልስን ላለው ቤት 12.7፣ ለአዲሱ ዓይነት ግድግዳ 19 ሚሊሜትር እንዳያልፍ መክሯል። የጀርመኖቹ ደንብ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ንዝረቱ ዘገምተኛ ሲሆን ለመኖሪያ ቤት 5፣ ለታሪካዊ ሕንፃ 3 ይላል። እኛን የሚያሳስበን እነዚህ ቁጥሮች በማገርና በወጋግራ ቆሞ በጭድና በጭቃ የተመረገውን ቤት አስበው የተጻፉ አለመሆናቸው ነው። ወጣቱ ባለሥልጣን ከባዕድ መጽሐፍ ትልቁን ቁጥር ቀድቶ ፈቃድ ላይ ከመጻፉ በፊት ትንሹን ቢመርጥ እንወዳለን።

መፍትሔው ፈንጂውን መከልከል አይደለም፤ ከፋፍሎ ማፈንዳት ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቢያንስ በ8 ሚሊሰከንድ እየዘገየ ተራ በተራ ከተኮሰ፣ ቤቱን የሚመታው የጠቅላላው ፈንጂ ጉልበት ሳይሆን በአንድ ጊዜ የፈነዳው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ የከሰል ማዕድን ደንብ መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሠራተኛ እንዲህ የሚል ስሌት አለ፤ ከ90 እስከ 1500 ሜትር ገደማ ላለ ርቀት፣ በቤቱና በካባው መካከል ያለው ሜትር በ25 ይካፈላል፤ የተገኘው በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ኪሎ ነው። ቤቱ 300 ሜትር ቢርቅ 144 ኪሎ ይሆናል። 150 ሜትር ሲሆንስ? 36 ብቻ! ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ፈንጂው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከተማው እየሰፋ ወደ ካባው በተጠጋ ቁጥር የትናንቱ ልክ ለዛሬ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ሰው የሚደነግጠው ግን ብዙ ጊዜ በመሬቱ ሳይሆን በአየሩ ነው። የጉድጓዱ አፍ በጠጠር በደንብ ካልተደፈነ ጉልበቱ ወደ ላይ ያመልጥና ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ የቤቱም እመቤት ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ትላለች። ካባው ደግሞ ቤትሽን የሰነጠቀው የኮትቻው አፈር ነው ብሎ ይመልሳል። ኮትቻ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ቤት ማጣመሙ የታወቀ ነውና ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ማን ይፈርዳል? የሚፈርደው ከፍንዳታው በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። በዚያው በአሜሪካ ደንብ ከማዕድኑ 800 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ ያለ ነዋሪ ቤቱ አስቀድሞ እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል።

በአገራችንም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ጥናት ለሕዝብ እንዲገለጥና በተለይ ነገሩ የሚነካቸው ሰዎች አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ሕጉ አለ ማለት ነው። የቀረው የሚያሠራው ሰው ነው፤ ይኸውም የእያንዳንዱን ቤት ስንጥቅ የሚመዘግብ፣ መለኪያውን ካባው ግቢ ሳይሆን ቅርቡ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያስተክል፣ የፍንዳታውንም ቀንና ሰዓት ከዋዜማው ለመንደሩ የሚያስነግር ነው። ሰዓቱን ያወቀች እናት ቢያንስ የተኛውን ሕፃን አንሥታ ትይዘዋለች፤ ጀበናውንም ከመደርደሪያው ታወርዳለች።