ለጋሾቹ የፈረሙበት ወረቀት

ደባርቅ ላይ በአስጎብኚነት ስሠራ ዕድሜዬን ገፍቻለሁ። ለበጎ አድራጎት በእግሩ የሚጓዝ ቡድን ሲመጣ ከጫማና ከድንኳን በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለጋሾቻችሁ የፈረሙበትን ወረቀት አሳዩኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ ምን አገባው ብለው ግር ይላቸዋል። ይህን መጠየቅ የጀመርኩት ኮሮና ወደ አገራችን ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከአንድ የኅዳር ጉዞ በኋላ ነው።

ዘጠኝ ሆነው መጡ፤ ስምንቱ ከአዲስ አበባ፣ አስተባባሪያቸው ደግሞ ከዋሽንግተን። ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ለማሠራት ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። አራት ወር ሙሉ በስልክ ስንመክር ቆይተናል። የበቅሎው ኪራይ፣ የጠባቂው ስካውት፣ የአብሳዩና የእኔ አበል ከተዋጣው ገንዘብ ላይ እንዳይነካ፣ ወጪውን ከየኪሳቸው አዋጥተው ለብቻው አስቀመጡት። እንዲህ የሚጠነቀቅ ቡድን ሳገኝ ደስ ይለኛል። ግማሾቹ የነቢያትን ጾም ስለሚይዙ አብሳዩ ሽሮ፣ ምስርና በሶ አብዝቶ ጫነ። እኔም ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ፣ ቢያንስ በጉዞው ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳይቆዩ ለመንኳቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተግባባንም። ከማደሪያ ሠፈሮቻችን ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 አካባቢ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል፤ በየመሃሉም የእረፍት ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ ግጭ ላይ ሁለት ሌሊት እንደር አልኩ። «አዲስ አበባም እኮ ከፍታ ናት፣ ለምደነዋል፤ ቀኑም አይበቃንም» አሉኝ። ለእነሱ እውነትነት ነበረው። አስተባባሪዋ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ ከመጣች ገና ሦስት ቀኗ ነበር። ይህን እያወቅሁ እሺ አልኩ። ያቺ የቀረች ሌሊት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ጨነቅ የደረስን ዕለት ገደሉ አፍ ላይ ዋልያ አየን፤ ጭላዳዎቹም ሣሩን እየነጩ በአጠገባችን አለፉ፤ ሁሉም ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ አስተባባሪዋን አየኋት። የጎረሰችው ነገር የለም፤ ሽሮው እንጀራው ላይ ደርቋል።

«ምነው እህቴ?»

«ምንም አይደል ጋሼ፤ ድካም ነው።»

በዱላዬ መሬቱ ላይ ሦስት ሜትር ያህል መስመር አሰመርኩ። «የአንዱን እግርሽን ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጋር እያጋጠምሽ በዚህ ላይ ሂጂልኝ» አልኳት። በአራተኛው እርምጃ ግራ እግሯ ከመስመሩ ወጣ። እጇን ወርውራ ጋቢዬን ጨበጠች።

ራስ ምታት ብቻ ቢሆን ከፍ ሳትል ባለችበት እንድታርፍ አደርግ ነበር። ሚዛን መሳት ግን ሌላ ነው፤ አንጎል በከፍታው ምክንያት ማበጥ መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል። ያኔ ሌሊት ነው፣ ብርድ ነው አይባልም፤ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። መኪና እንዲዘጋጅ ስናገር አለቀሰች። ለካ ራሷን ያማት ከጀመረ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ደብቃን ነው። ከሁሉም የሚበልጠውን ገንዘብ ቃል የገባው ለጋሽ፣ የምከፍለው ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የቆምሽበትን ፎቶ ሳይ ነው ብሎ አስፈርሟታል። «እኔ ከወረድኩ የልጆቹ ውሃ ቀረ» አለችኝ።

የነገውን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ። ጠዋት የቧሂት በር አለ፣ 4,200 ሜትር ገደማ። ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወረድና እንደገና ወደ አምቢቆ ሽቅብ ነው። እዚያ ብትወድቅብን ወደ ደባርቅ ለመመለስ ያንኑ በር በበቅሎ ጀርባ ላይ ሆና መልሳ መውጣት ነበረባት። ራስ ደጀን ራሱ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

በዚያው ሌሊት ይዣት ወረድኩ። ደባርቅ ላይ ሲነጋ ሻይ በዳቦ ጠየቀች፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። የቀሩት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ቀጥለው ሰባቱ ጫፉን ረገጡ። ለጋሹ ግን አልከፈለም፤ የፈረምነው በእሷ ስም ነው አለ።

ክፉ ሰው ይመስለኛል ማለት አይደለም። ሲፈርም ጨነቅ ላይ አመዳይ በሚጥልበት ሌሊት በወረቀቱ ምክንያት ሕመሟን የምትደብቅ ሰው ትኖራለች ብሎ አላሰበም። ተራራ ላይ ግን ተመለሱ የሚለው ውሳኔ በገንዘብ የታሰረበት ሰው ለእኔ ከማንኛውም ሕመምተኛ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ሕመምተኛው እውነቱን ይነግረኛል። ስለዚህ ለጋሾችን፣ ለተጓዦች ቃል ስትገቡ ክፍያው በተራመዱት ቀን ወይም በኪሎ ሜትር ይሁን እላለሁ። የታመመ ሰው ሲወርድ አስጎብኚው የፈረመበት ማስታወሻም ልክ እንደ ጫፉ ፎቶ ይቆጠርለት።

በዓመቱ ደወለችልኝ፤ የጎደለውን ለመሙላት ሌላ ጉዞ አስባለች። አዲሱን ወረቀት በስልክ ላከችልኝና መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ስለ ጫፍ የሚናገር መስመር የለበትም፤ በየቀኑ የሚከፈለው ብቻ ነው የተጻፈው። ከሥር በእጅ ጽሑፏ አንድ ነገር ጨምራለች፤ «ግጭ ላይ ሁለት ሌሊት።»