ፌስታልና ጀሪካን፦ የቅርንጫፍ ጉዳይ

ሉማሜ ገበያ ላይ የምናየው ቢጫ ጀሪካንና ለስላሳው ፌስታል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ፖሊኢትሊን ናቸው። የሚለያቸው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። የጀሪካኑ ሰንሰለት ቀጥ ያለ ሲሆን፣ የለስላሳው ፌስታል ግን ረጃጅም ቅርንጫፎች አሉት።

ልዩነቱ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ጎልቶ ይወጣል። የፊዚክስ ሊቁ ፒየር ዢል ደ ዤን በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ቀጥ ያለ ሰንሰለት በጎረቤቶቹ መካከል እንደ እባብ እየተሳበ ያልፋል። ቅርንጫፋሙ ግን እንዲህ መሾለክ አይችልም፤ አስቀድሞ ክንዶቹ ወደ ግንዱ መሰብሰብ አለባቸው። ክንዱ በረዘመ ቁጥር የሚፈጀው ጊዜ በእጅጉ ይጨምራል።

ተመራማሪዎቹ ቶም ማክሊሽና ሮናልድ ላርሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ይህን «ፖም-ፖም» በተባለ ሞዴል ቀመሩት፦ አንድ ግንድ፣ በሁለቱም ጫፎቹ ብዙ ክንዶች። ሞዴሉ ቅላጩ በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ለምን እንደሚቀጥን፣ ሲወጠር ደግሞ ለምን እንደሚጠነክር በአንድነት ያብራራል። ፌስታል ሲመረት ቅላጩ በአየር ተነፍቶ የሚፈጠረው ፊኛ ሳይበጠስ የሚቆመው በዚህ ጥንካሬ ነው።

ለፋብሪካ ባለሙያዎች፦ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ2.16 ኪሎ ግራም ጭነት የሚለካው የፍሰት ቁጥር ስለ ውጥረት አይናገርም። ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ጥሬ ዕቃዎች ማሽን ላይ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ስትገዙ የቅርንጫፉንም ዓይነት ጠይቁ።