አሮጌው ጨዋታ በፕሌይስቴሽን ቤት

የቪዲዮ ጌም በየዓመቱ አዲስ እትም የሚወጣለት፣ የአምናው በዘንድሮው እየተተካ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ በሚገኘው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ግን፣ በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋና በሳሪስ ወጣቶች እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይህን የገበያ ሥርዓት ሳይከተሉ ቆይተዋል፤ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ያቀረበውና በ2013 ማምረቱን ያቆመው ፕሌይስቴሽን 2፣ ምርቱ ከተቋረጠ በኋላም ለዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። ብዙ ሰው ይህን ከአቅም ማነስ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ አዲሱን መግዛት ያልቻለ በአሮጌው ይጫወታል ይባላል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም፣ ጨዋታዎቹ በምን ያህል ጥበብ እንደተሠሩና ከሰፈሩ ኑሮ ጋር እንዴት እንደተስማሙ ሳይመረምር የሚያልፍ በመሆኑ ሙሉ ፍርድ ሊሆን አይችልም።

የአቅሙ ነገር በእርግጥ የሚናቅ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ የዲስክ ማጫወቻ ያለው ዓይነት በአሜሪካ 499 ዶላር ይሸጥ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በሚመነዘርበት ጊዜ፣ ይህ ዋጋ ከ28,000 ብር ጥቂት ያልፍ የነበረ ሲሆን፣ ዶላሩ 100 ብር ሲደርስና ሲያልፍ ግን ያው ዕቃ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብበት 50,000 ብር ገባ። ከአንድ ግጥሚያ ጥቂት ብር የሚያገኝ ቤት እጁ ላይ ያለውን መሣሪያ እያስጠገነ መቀጠሉ ከዚህ አንጻር ተገቢ ውሳኔ ነው።

ነገር ግን ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሰው ወደ አንድ ቤት ሲመላለስ አይኖርም። በነዚህ ቤቶች የነገሠው ጨዋታ እግር ኳስ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የተወደደውም ኮናሚ የተባለው የጃፓን ድርጅት በሀገሩ ዊኒንግ ኢለቨን፣ በአውሮፓ ደግሞ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ በአጭሩ ፔስ እያለ ያወጣው ተከታታይ ጨዋታ ነው። ድርጅቱ የብዙ ክለቦችን ስም ለመጠቀም የሚያስችል ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን መርሲሳይድ ሬድ ብሎ ለመጥራት ተገዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ተጫዋቹን የማረከው የኳሱ ነገር ነው። ኳሱ በተጫዋቹ እግር ላይ ተጣብቆ የሚሄድ ሳይሆን የራሱ ክብደትና አቅጣጫ ያለው፣ መልሶ የሚነጥር፣ ሲቀበሉት የሚያመልጥ ስለነበር፣ ግብ ማስቆጠር ጊዜን መጠበቅና የባላጋራን አሳብ ማንበብ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ፔስ 6 የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ ከሩቅ የሚመታው ኳስ ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር፣ ጨዋታውን የተጫወተ ሁሉ ዛሬም አይዘነጋውም።

ከዚህም የሚልቅ ጥበብ የነበረበት ማስተር ሊግ የተባለው ክፍል ነው። ተጫዋቹ አንድ ክለብ ተረክቦ ዓመት ከዓመት የሚያስተዳድርበት ይህ ክፍል የሚጀምረው ካስቶሎ፣ ሚናንዳና ኢቫሮቭን የመሳሰሉ፣ በእውነተኛው ዓለም የሌሉና ችሎታቸውም ውስን የሆነ ተጫዋቾችን በማስረከብ ነበር፤ በነሱ እያሸነፉ ነጥብ ማጠራቀምና ቀስ በቀስ የተሻለ ተጫዋች መግዛት ግድ ይል ስለነበር፣ ድሉ በትዕግሥት የተገኘ ሆኖ ይሰማ ነበር። በአዳዲሶቹ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ታዋቂ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ በሚገዛ ዕጣ መሰል ጥቅል ውስጥ ይገኛል፤ ይህ አሠራር ትዕግሥትን በገንዘብ የሚተካ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ አሮጌው ከአዲሱ ይበልጣል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የጨዋታው መንፈስ በአቀማመጡም ይገለጣል። በፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ ይዘው፣ አንድ ቴሌቪዥን እያዩ ይጋጠማሉ፤ ከኋላቸው ተራ ጠባቂዎች ቆመው ይተቻሉ፣ ይመክራሉ፣ ይሟገታሉ፤ በብዙ ቤቶችም ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ሲሆን አሸናፊው ከቀጣዩ ጋር ይገጥማል። ይህ ልማድ ከጃፓን የመጣ ሳይሆን በጆተኒና በከረንቡላ ዙሪያ ቀድሞ የነበረ የሰፈር ሥርዓት ነው፤ አሮጌው ፕሌይስቴሽን ተቀባይነት ያገኘውም ለዚህ ሥርዓት ምቹ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ዛሬ የሚወጡ በርካታ ጨዋታዎች ተጋጣሚዎችን የሚያገናኙት በኢንተርኔት በመሆኑ፣ ባላጋራው ፊቱ የማይታይ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ሆኗል።

ሌላው ልዩነት ጨዋታው ሙሉ ሆኖ መሸጡ ነው። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን አምራቹ ስህተቱን በኋላ በኢንተርኔት ለማረም ያለው ዕድል እጅግ ጠባብ ስለነበር፣ 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ዲስክ ላይ የተሟላ ሥራ ማስረከብ ነበረበት፤ መሣሪያው የነበረው ዋና የማስታወሻ መጠንም 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ደግሞ በ40 ኪሎባይት ውስጥ ተጠናቅቆ ተሠርቷል፤ ይህም ዛሬ በስልክ ከሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ ነው። አዳዲሶቹ በአንጻሩ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ማሻሻያ ካልወረደላቸው በአግባቡ የማይሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ይባስ ብሎም አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከድርጅቱ ሰርቨር፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ አገልግሎት ከሚሰጥ ኮምፒውተር ጋር እስከተገናኙ ድረስ ብቻ ነው፤ ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዘ ክሩ የተሰኘውን የመኪና ጨዋታ ሰርቨር እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ሲዘጋ፣ ዲስኩን በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች ጭምር መጫወት አልቻሉም።

አሮጌው ዕቃ ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም። ዲስኩን የሚያነብበው ሌንስ በአቧራና በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፤ በዚህ ምክንያት ጨዋታውን በፍላሽ ጭኖ ማጫወት ተለምዷል፤ ይሁንና የመሣሪያው የዩኤስቢ መስመር ዘገምተኛ ስለሆነ በታሪክ ጨዋታዎች መካከል የሚገቡት ፊልሞች እየተቆራረጡ ይታያሉ። በተጨማሪም መሣሪያው የተሠራው ከኋላው ጎበጥ ላለው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው፤ ፍላት ስክሪን የሚደርሰውን ምስል ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ እስኪያሳድገው ድረስ ቅጽበታዊ መዘግየት ስለሚፈጠር፣ ቁልፍ በመጫንና በስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ኳሱን በመምታቱ መካከል ያለው ክፍተት ልምድ ላለው ሰው ይታወቃል።

የወላጆች ስጋትም በቅንነት መደመጥ አለበት። በትምህርት ቤት አቅራቢያ ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ተማሪን ከክፍል ሊያስቀር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ያለ ለአዋቂ የተሠራ፣ ግድያና ዝርፊያ የበዛበት ጨዋታ በሕፃን እጅ መግባቱም ትክክል አይደለም። ዲስኮቹ በአብዛኛው ያለ ፈቃድ የተባዙ መሆናቸውም የሚካድ አይደለም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በግልጽ ይጠብቃል። ሆኖም መፍትሔው ዕድሜን የሚያይ፣ በትምህርት ሰዓት የሚዘጋ ቤት እንዲኖር ማድረግ እንጂ፣ ለወጣቱ በቅርብ ከሚገኙት ጥቂት መዝናኛዎች አንዱን ከነጭራሹ ማጥፋት ሊሆን አይገባም።

ዛሬ አሮጌው ጨዋታ ወደ ስልክ እየተዛወረ ነው፤ ኢሙሌተር የሚባለው፣ አንድን መሣሪያ ሌላ መሣሪያ መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም፣ የቀድሞውን ፔስ በእጅ ስልክ ላይ ያስነሳዋል። በዚያው ስልክ ላይ የኢትዮጵያውያን ሥራም አለ፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገውን ኩኩሉን፣ እንዲሁም የገበጣን ጨዋታ ሠርቷል። እነዚህ ሥራዎች በዲስክ ያልታተሙና በውጭ ኩባንያዎች የመተግበሪያ መደብር ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ ከመደብሩ የተነሱ ዕለት ከፔስ 6 ይልቅ ፈጥነው ሊጠፉ ይችላሉ። በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዚያች ሀገር ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 በመቶው በወቅቱ በገበያ እንደማይገኙ አረጋግጧል። የኢትዮጵያ ጌም ሠሪዎች የእያንዳንዱን ሥራቸውን የሚሠራ ቅጂ ከነምንጭ ኮዱ አሁኑኑ ሊያስቀምጡ፣ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍን እንደሚረከብ ሁሉ ይህንንም ሊረከብ ይገባል።