አራሷን የጣላት ምች ነው?

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ፣ ገንፎው ተበልቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ አራሷ ራሴን አመመኝ ትላለች። ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ይታሽላታል። ዓይኔ ብዥ አለብኝ ስትል ደግሞ ድካም ይሆናል። ሰውነቷ ተገትሮ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ግን ስሙ ይለወጣል፤ ብቻዋን ውላ ተለክፋለች።

ሐኪሞች ኤክላምፕሲያ ይሉታል። የደም ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ የደረሰ ወላድ የአንጎሏ ደም ሥሮች ጫናውን መቋቋም ሲያቅታቸው ፈሳሽ ያሰርጋሉ፣ አንጎሏም ያብጣል። እብጠቱ የሚበረታው በአብዛኛው ለማየት በሚያገለግለው የኋለኛው ክፍል ነው። ብዥታው የዓይን ሕመም ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከወለደች አለፈላት የሚለው እምነት ከሁሉም ይከፋል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ግፊቱ ወዲያው አብሮ አይወጣም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው መንዘፍዘፍ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ እስከ 6 ሳምንት የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። በእርግዝናዋ ወራት ግፊቷ ደህና የነበረ ሴትም ልትያዝ ትችላለች።

የማንኪራን የቡና ጫካ የሚያለመልመው የከፋ ዞን ዝናብ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ያጨቀያል። ስለዚህ ክብሪት በማሽተት የሚባክን ሰዓት ውድ ነው። ቤተሰቡ አራሷን ከምድጃው ያርቃት፣ በጎኗ ያስተኛት። አፏ ውስጥ ማንኪያም ውኃም አይግባ፤ ጨምቆ መያዝም አይረዳም። ለሃጩ ይጋባል ብሎ መሸሽ ደግሞ ከንቱ ነው፤ በሽታው አይተላለፍም። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም ቦንጋ ወዳለው ገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒቱ ማግኒዚየም ሰልፌት ርካሽ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተመ፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ ከፍተኛ ግፊት ባለባቸው ሴቶች ላይ የመንዘፍዘፍን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የመጀመሪያው መጠን ከጤና ጣቢያ ሳትወጣ ሊሰጣት ይገባል፤ ሪፈር ወረቀት ብቻ ይዞ መላክ አይበቃም።

መንዘፍዘፍ ሁሉ ግን ከግፊት አይመጣም። በአንጎል ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም፣ ማጅራት ገትር፣ በቆላው በኩል ደግሞ ወባም ያመጡታል። ለይቶ የሚነግረው ምርመራ ነው።

አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ወግ ግን ይቆይ። ከራስጌዋ የሚቀመጠው ብረት ባያድናትም፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ራስ ምታቷን ቀድሞ ይሰማል።

ዕድሜ ልክ የሚጥል በሽታ ሆነባት ማለትም በአብዛኛው ስህተት ነው። ይልቅ ግፊቷ ከወራት በኋላም ይለካ፤ ዳግም ስታረግዝ ያለፈውን ለሐኪሟ ከነገረች፣ 20ኛው ሳምንት ሳይደርስ በአነስተኛ መጠን አስፒሪን ሊያስጀምራት ይችላል።